ሳሙና የሌለው ማደሪያ፣ ቡዳፔስት

ቡዳፔስት የደረስኩት ሌሊት ነው። ባለታክሲው ለአጭር መንገድ 12 ሺህ ፎሪንት ተቀበለኝ፤ ትክክለኛውን ዋጋ የሰማሁት በማግስቱ ስለሆነ ንዴቱ ከቁርስ ጋር መጣ። ማደሪያው ደግሞ ባሰ፦ የጋራ መታጠቢያው ሳሙና የለውም። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሳሙና በሌለበት ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም። አያቴ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ከእንጀራው በፊት የምታቀርበው የእጅ ማስታጠቢያውን ነው።

ከተማዋን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ ድልድዮቿ ያምራሉ። የመጣሁት ግን እጅ መታጠብ የአራሶችን ሕይወት እንደሚያተርፍ ላሳየው ሐኪም፣ ለኢግናዝ ዜመልቫይስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1818 የተወለደበት ቤት ቡዳ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ግርጌ ነው፤ ዛሬ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ዝናብ አበስብሶኝ ስገባ ትኬት የሚቆርጡት አዛውንት ሴት ምንም ሳይሉ ጃኬቴን ተቀብለው ማሞቂያው ላይ ሰቀሉልኝ። ሁለታችንም የሌላችንን ቋንቋ አናውቅም። የታክሲውን ብር ለእርሳቸው በሰጠሁ!

ዜመልቫይስ በሚሠራበት የቪየና ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት አራሶች በትኩሳት ይረግፋሉ፤ አዋላጆች በሚሠሩበት ሞቱ እጅግ ያነሰ ነው። (ኮራሁ፣ አልደብቅም።) እ.ኤ.አ. በ1847 ወዳጁ ሐኪም ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላዋ ተወግቶ ሞተ፤ በሬሳው ላይ የታየውም በአራሶቹ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ሆነ። ለካ ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ወደ ምጥ አልጋ የሚሄዱት ሞትን በእጃቸው ይዘው ነው። ያን ጊዜ እጅ ሁሉ በክሎሪን ውሃ ይታጠብ አለ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

ብዙ ባልደረቦቹ ግን የእኛ እጅ ቆሻሻ ነው ወይ ብለው ተቀየሙት። እኔ በምሠራበት ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካን ይዘን እንሮጣለን፤ እነርሱ ውሃው እያለላቸው ኩራት ያዛቸው። እርሱ በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ፤ የገደለውም የተመረዘ ቁስል ነው። አጽሙ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደዚህ ቤት መጥቶ ግቢው ውስጥ አርፏል። እዚያ ግድግዳ ሥር ጃኬቴ እስኪደርቅ ቆየሁ።

ስመለስ ከሱቅ ሳሙና ገዝቼ የማደሪያው መታጠቢያ ላይ አስቀመጥኩ። ጠዋት ስነሳ አንድ ሰው ወስዶታል።