የእማዬ ሳጥን፣ ሦስተኛ ወር

የካራን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጉሙ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የሲሚንቶው ወለል ያልበዋል። የእማዬ የቆርቆሮ ሳጥን ደግሞ ከነደብዳቤው ከነፎቶው ስንት ዓመት እዚያው ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር ኖሯል። ሐምሌ ላይ ውስጡ ያለውን ላድን ብዬ ስከፍተው የሻጋታው ሽታ አስነጠሰኝ።

የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። የአባቴን የድሮ የግብር ደረሰኝና አንድ የክርስትና ፎቶ ይዤ ሄጄ ላሚኔት አስደረግኋቸው። ሲያዩት ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ግን ፕላስቲኩ የሚጣበቀው በሙቀት ቀልጦ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሳይቀደድ ማላቀቅ የለም። የፎቶው አንድ ጥግ አረፋ ሠርቷል። የሆነው ሆኗል።

ሁለተኛው ጥፋት የእማዬ ነው። «ፀሐይ ያልነካው ነገር መቼ ይደርቃል?» ብላ ሰሌን ላይ እንደ በርበሬ አሰጣቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ፎቶዎቹ ተጠቀለሉ። የፎቶ ፊቱ ጄላቲን ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ወረቀቱን ይጎትታል። ቀለሙንም ፀሐይ ይበላዋል። አሁን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ ንጹሕ ነጠላ ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማሰጣው። ሻጋታውን የማራግፈው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ውጭ ወጥቼ፣ ማስክ አድርጌ፣ በለስላሳ ብሩሽ። እርጥቡን ከነካችሁት ይቀባባል።

የሠርጋቸው ፎቶ የባሰ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለኖረ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። የእማዬ ቬሎ ጫፍ ላይ እርጥብ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ቦታ ይታያል፤ የተጣበቀው እዚያ ነው። በጥፍሬ ልሞክር አልኩና እጄን ሰበሰብኩ። ቢላቀቅ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከነመስታወቱ በስልክ አነሳሁት። ነጸብራቁ አስቸገረኝ፤ ከኋላዬ ጥቁር ጋውን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ብርሃኑን ከጎን ሳደርገው ጠፋ። ከአሥራ አንዱ አንዷ ጥሩ ወጣች።

ሳጥኑን አሁን ብሎኬት ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጌ። ኮርኒስ ላይ እንዳታስቡት፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የብራና መጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ከትተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ ማራቂያም ነው ለካ! የስቴፕለር ሽቦዎቹንም ነቅያለሁ፤ ዝገታቸው ወረቀቱን በልቶት ቡናማ ቀዳዳ ሠርቷል።

በስልክ ያነሳሁትን ቅጂ ሁለት ቦታ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሐዋሳ እህቴ ዘንድ። ሐሳቡን የወሰድኩት ከገዳማቱ የብራና መጻሕፍት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በማይክሮፊልም መነሳት ሲጀምሩ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀርቶ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄዷል።

ጊዜ የፈጀብኝ ግን ቀኑ ነው። አጎቴ ከዩክሬኗ ኦዴሳ የላከው ፎቶ ጀርባ ላይ «5/8/84» ይላል። 1984 ብዬ መዘገብኩት። እማዬ አይታ ሳቀች። «በ84ማ ደርግ ወድቆ እሱ እዚሁ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት አልነበር?» ለካ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1976። ስምንት ዓመት አሳስቼ ነበር። ቀን ያላቸውን እንደገና አንድ በአንድ እያሳየኋት ነው። ስሙንና ዓመቱን በእርሳስ፣ ጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳልጫን እጽፋለሁ። የባለ ቀለሞቹ ጀርባ እርሳስ አይቀበልም፤ ለእነሱ ፖስታው ላይ ነው የምጽፈው፣ ያውም ፎቶው ከመግባቱ በፊት።

የቀረኝ ያ ገጹ ተለጣፊ፣ ፕላስቲክ ክዳን ያለው አልበም ነው። ሙጫው ቢጫ ሆኗል። በጥርስ ክር ከሥሩ እየፈለቀቁ ማንሳት ይቻላል ይላሉ። መጀመሪያ የምሞክረው በእኔው የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ነው፤ እሱ ቢቀደድም አላዝንም።