በውክፔድያ የሸዋን ታሪክ ስጽፍ ያስቸገረኝ የአንድ ቀን ልዩነት

ከደብረ ብርሃን ሆኜ በአማርኛው ውክፔድያ ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክ መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ሰባተኛውን ጽሑፍ፣ ስለ አንጎለላ የሚናገረውን፣ ባለፈው ሳምንት በመጨረሴ ደስ ብሎኛል። መለያ መክፈቱና የአጻጻፍ ምልክቶቹን መልመዱ ብዙ አላደከመኝም። ያደከመኝ የዘመን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትሁት በዓመቱ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1841 ነው፤ እኔ ግን በልማድ ስምንት ቀንሼ 1833 ዓ.ም. ብዬ ጻፍሁ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ትክክሉ 1834 ዓ.ም. ነው።

የቀኑ ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በአንጎለላ የተወለዱበትን ቀን አንድ ጸሐፊ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ብሎ አስፍሮት አገኘሁ። የውጭ መጻሕፍት ኦገስት 17 ቀን 1844 ይላሉ፤ ግድግዳዬ ላይ ባለው ካላንደር ደግሞ ኦገስት 17 የሚውለው ነሐሴ 11 ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደ 11 ለወጥሁት። ጸሐፊው መለሰው፤ እኔም ተቆጥቼ እንደገና ለወጥሁት።

ደብተሬን ይዤ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት) ወደሚያውቁ ጎረቤቴ መሪጌታ ዘንድ ስሄድ፣ ገጹን አይተው «ልጄ፣ የዓድዋን ድል እነሱ በስንት ቀን ይጽፉታል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መጻሕፍቱ ማርች 1 ይላሉ፤ የካቲት 23 ዛሬ የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ሳይቋረጥ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን አላደረጉም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ የተፈጸመ ነገር ሁሉ በዛሬው ካላንደር ሲመዘን በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ጸሐፊውን በውይይት ገጹ ላይ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር መተርጎምን ከዚያ ወዲህ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እንዲህ ያለው ስሕተት የሚገባው በዚያ በር ነውና። የአገራችን ምንጭ ቀኑን ከሰጠ እሱ ይቅደም፣ የእነሱ በቅንፍ ይከተል። ይህን እያልሁ ስለ አንኮበር የጻፍኋቸው ሁለት ጽሑፎች ገና አልታረሙም፤ ከ1892 ዓ.ም. በፊት ያሉትን ቀኖች ግን በደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬባቸዋለሁ።