ስንት ኤም ኤል?

ዛሬ ጠዋት፣ የጅማ ዝናብ ገና ሳያባራ፣ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባችና የፓራሲታሞል ጠብታ ጠየቀች። ጠብታው አልቆብን ስለነበር ሽሮፕ አቀረብኩላት። «ይሁን፤ መጠኑን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ 1.2 ኤም ኤል ነው» አለችና ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች።

ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የሚሠራው ግን ለጠብታው ብቻ ነው። በዚያ ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም መድኃኒት ሲኖር፣ በሽሮፑ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው 120 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር 24 ብቻ ነው። ልጁ 8 ኪሎ ስለሚመዝንና በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ስለታዘዘለት፣ የሚያስፈልገው 120 ሚሊ ግራም ነው፤ ይኸውም ከጠብታው 1.2፣ ከሽሮፑ ግን 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 1.2 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ብትሰጠው 29 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ ሽሮፕ የለመደች እናት ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ፣ ሕፃኑ 500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ የአዋቂ ኪኒን ይውጣል።

ሚሊ ሊትር ይዘትን፣ ሚሊ ግራም ክብደትን እንደሚለካ ለማስረዳት ማርን ምሳሌ አደረግሁ። «ማርማ ሊትሩ ከኪሎ ይበልጣል፤ ስሸጥ ኖሬ!» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም፤ በመለኪያ ስሪንጁ ላይ 5 ቁጥርን በእስክሪብቶ አሰመርኩበትና የአሮጌውን ጠብታ መምጠጫ እኔው ዘንድ አስቀረሁት።