አዋሽ የሚያልቅበት ምድር

ወደ ጅቡቲ የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ አብዛኛው ተሳፋሪ መስኮቱን ጋርዶ ያንቀላፋል፤ እኔ ግን በግራ በኩል ስለተቀመጥኩ ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አልቻልኩም። የሸዋ ማሳ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ያከትማል፤ ከዚያ ወዲያ አዋሽን ተከትሎ ከሚሄደው ቀጭን መስመር በቀር አረንጓዴ ነገር አይታይም። ከገዋኔ ባሻገር መሬቱ ወይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ወይ ዓይን የሚወጋ ነጭ ሜዳ። ጎርፍ የቦረቦራቸው ደረቅ ፈፋዎች እንደ ዛፍ ሥር ተቀጣጥለው ይወርዱና የትም ሳይደርሱ አሸዋው ውስጥ ይጠፋሉ።

በርቀት አቤ ሐይቅ ታየኝ። የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር እየተራራቀ በሄደ ቁጥር የአፋር ምድር በመስመጡ፣ አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ እዚሁ ይቀራል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውኃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ዳርቻው ላይ ፍል ውኃ የሠራቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች መቆማቸውን ባውቅም፣ ከዚያ ከፍታ የሚታየው ግራጫ ጠርዝ ብቻ ነው።

ያን ምድር ባዕድ አድርጌ ልመለከተው አልቻልኩም። እኔ የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ከቤቴ ቁልቁል የሚሄደው የግንፍሌ ውኃ ቀበናን ይቀላቀላል፣ ቀበና አቃቂን፣ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አልፎ አዋሽን። (አብሮኝ የተጓዘው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ሽታውም እዚህ ይደርሳል?» ብሎ ሳቀብኝ።) ከከተማችን የሚለቀቀው ሁሉ አቤ ድረስ ይዘልቃል አልልም፤ አባ ሳሙኤልና ቆቃ ብዙውን ደለል ያስቀራሉ። ይሁን እንጂ በመካከሉ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ለራሱም ቀድቶ የሚጠጣው አርብቶ አደር ሌላ ወንዝ የለውም።

አሁን በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች መናፈሻ እየሆኑ ነው፤ ደስ ይለኛል፣ ማታ ማታም እሄድባቸዋለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ግን አበባውን ትቼ፣ ከየግቢው ወደ ወንዙ የተዘረጋው ቱቦ መነሳት አለመነሳቱን ነው የማየው፤ በእኛ ሰፈር በኩል ገና አልተነሳም።