ናይትሮጅኑስ የታለ?

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሂሊየም ውስጥ የተቀላቀለ ባዕድ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ እንፈትሻለን። አሠራሩ ደስ ይላል። ሂሊየሙን በኤሌክትሪክ ፕላዝማ፣ ማለትም አንዳንድ ኤሌክትሮኖች ከአተማቸው የተላቀቁበት ጋዝ፣ እናደርገዋለን። አንዳንዱ አተም ታዲያ 19.8 ኤሌክትሮን ቮልት (የአተምና የኤሌክትሮን ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ተሸክሞ ይቆያል። ባዕድ ጋዝ ሲያገኝ ሸክሙን ያራግፍበትና ኤሌክትሮኑን ያስፈነጥርበታል። ለማስወጣት የሚፈጀው ተቀንሶ የተረፈውን ጉልበት ኤሌክትሮኑ ይዞት ይወጣል። ከናይትሮጅን የወጣው 4.2፣ ከውሃ 7.2፣ ከኦክስጅን 7.7 ገደማ ይይዛል። ይህን የምትለካው ፕላዝማው ውስጥ የምትገባ ቀጭን ሽቦ ናት፤ ፕሮብ እንላታለን።

አንድ ቀን አዲስ ሲሊንደር ገጠምን። ወረቀቱ ጥራቱ 99.999 ከመቶ ነው ይላል። ስክሪኑ ላይ ግን 7.7 አካባቢ ጉብ ያለ ነገር ወጣ። አለቃችን ጊዜ አላጠፋም። “ኦክስጅን ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር አለ” ብሎ ለሻጩ የቁጣ ኢሜይል ላከ። ሻጩ ምን ይበል?

አብሮን የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ አለ፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና፣

“ናይትሮጅኑስ የታለ?” አለኝ።

“የቱ ናይትሮጅን፣ ጋሼ?”

“አየር ቢሆን ኖሮ እሱ አይቀድምም? ከመቶ 78 እኮ ነው! እየው፣ 4 እና 5 መሃል ጭር ብሏል። በል 19.8ን አሳየኝ።”

19.8 ላይ ሁሌም ትንሽ ጉብታ አለች። ቀርፋፋ ኤሌክትሮን ጉልበት ከተሸከመ የሂሊየም አተም ጋር ሲጋጭ ሸክሙን በሙሉ ይወስድለታል። ባዕድ ጋዝ ኖረም አልኖረም ቦታዋ አይለወጥም። የኛ ግን 20.3 ላይ ቁጭ ብላለች። ሚዛኑ በሙሉ ግማሽ ቮልት ሸርተት ብሏል ማለት ነው። ፕሮቧን ስናወጣት ጫፏ ጥቁር ቆሻሻ ለብሷል።

አጽድተን መለስናት። ጉብታዋ 19.8 ገባች፤ ያ “ኦክስጅን” የተባለውም 7.2 ላይ አረፈ። ውሃ!

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ከሲሊንደሩ እስከ መሣሪያው የተዘረጋው ቱቦ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ እርጥበት ያሳልፋል። በማይዝግ ብረት ቀየርነው፤ ማሞቂያ ጠምጥመንበት ሂሊየም ሲያልፍበት አደረ። ጠዋት የውሃው ምልክት ስክሪኑ ላይ ካለው ባዶ መስመር እምብዛም አይለይም።

አለቃችን ሌላ ኢሜይል ጻፈ። የይቅርታው ግን ከቁጣው በጣም ያጥር ነበር።