ሁለተኛው ቢሮ ዛሬ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘ

ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ ላይ ነው የዋልኩት። አዲሱን ቢሮ ዋናው ቢሮ ካለው ሰርቨር ጋር ማገናኘት።

በሁለቱ ቢሮዎች ራውተሮች መካከል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ዘረጋሁ። መስመሩ ተገናኝቷል ይላል። ሰርቨሩ ግን አይከፈትም! ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን) ስፈትሽ ቆየሁ። ችግሩ ለካ ሌላ ነው። ሁለቱም ቢሮዎች በ192.168.1 የሚጀምር የኔትወርክ አድራሻ ነበር የሚጠቀሙት። የአዲሱ ቢሮ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ እዚያው አጠገቡ ያለ ይመስለዋል፤ ጥያቄውን ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም። የአዲሱን ቢሮ ወደ 192.168.20 ስቀይረው ወዲያው ተከፈተ። (ፕሪንተሩ አድራሻው በእጅ የተሞላ ስለነበር ለብቻው መቀየር ነበረበት።)

ከዚያ ደግሞ የሒሳብ ፕሮግራሙ ተንቀራፈፈ። ፋይል መቅዳት ደህና ነው። ፕሮግራሙ ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ከሰርቨሩ ጋር ደጋግሞ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 40 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ 500 ምልልስ 20 ሰከንድ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት መግዛት ብቻውን ይህን አይፈታውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እዚያው ሰርቨሩ ላይ እንዲሠራ አድርገን፣ ሠራተኞቹ በቪፒኤኑ ውስጥ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን ከራስ ኮምፒውተር ሆኖ መጠቀሚያ) እንዲገቡ አደረግን። አሁን በመስመሩ የሚያልፈው በዋናነት የስክሪኑ ምስል ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ቪፒኤኑ ይቅርና 3389 ፖርትን ለኢንተርኔት እንክፈተው» አለኝ። ይህ ፖርት ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበት በር ነው። በፍጹም! የይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች ያንን በር ቀንና ሌሊት ያንኳኳሉ። የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ መረጃ ያለበትን ሰርቨር እንዲህ ማጋለጥ ኅሊናዬ አይፈቅድም።

አመሻሽ ላይ ከአዲሱ ቢሮ ተደወለልኝ። የመጀመሪያው ደረሰኝ ተመዝግቧል። ዋናው ቢሮም ወዲያው አይቶታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!