ለነጭ ኤልኢዲ 56 ኦም፦ ከላፕቶፕ ድንጋይ መብራት ስሠራ

ሐዋሳ ውስጥ ከላፕቶፕ ጠጋኞች የማገኘው የተጣለ ባትሪ ሁሉ የሞተ አይደለም። ስድስት ድንጋይ ካለው አንዱ ጥንድ ሲደክም ባትሪው እንዳለ ይቆማል፤ የቀሩት አራቱ ብዙ ጊዜ ለመብራት ይበቃሉ። (ድንጋይ የምለው 18650 የሚባለውን ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ባትሪ ብል ከእጅ ባትሪ ጋር ይምታታል።)

ስለካ መልቲሜትሩ ከ2.5 ቮልት በታች ያሳየኝን ድንጋይ አላስነሳውም። እዚያ ድረስ ወርዶ ከቆየ ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፤ መልሶ ሲሞላ ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። የቀረውን 4.2 ቮልት ድረስ ሞልቼ አንድ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ፤ ከ4.1 በታች የወረደውን እተወዋለሁ። ያበጠ ወይም ልባሱ የተቀደደ ከሆነ መለካትም አያስፈልገውም።

አሳሳቹ ነገር ነጩ ኤልኢዲ (ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ አምፖል) ነው። ሦስት ቮልት ከምናምን ይፈልጋል፣ ድንጋዩ ላይ 3.7 ተጽፏል፤ «ተቀራራቢ ስለሆነ በቀጥታ ይያዝ» ያሰኛል። በሰዓት ድንጋይ በቀጥታ ሲበራ ያየ ሰውማ ጭራሽ አይጠራጠርም። የሰዓት ድንጋይ ግን የራሱ የውስጥ ተቃውሞ አለው፤ ከረንቱን እሱ ይገድበዋል። 18650 እንዲህ ያለ ልጓም የለውም፤ ሲሞላም 3.7 ሳይሆን 4.2 ቮልት ነው። ኤልኢዲ ደግሞ ቮልቱ በጥቂቱ ሲጨምር ከረንቱ በብዙ ይጨምራል፤ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ስለሚቀንስ የበለጠ ይስባል። ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር መሃል ላይ ይገባል፤ ስሌቱ ሁልጊዜ ከ4.2 ይነሳል። ለ5 ሚሊሜትር ነጭ ኤልኢዲ 4.2 ሲቀነስ 3.1፣ ለ0.02 አምፔር ሲካፈል 55 ኦም ይሆናል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው 56 ነው (የቀለም ቀለበቶቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር)። ድንጋዩ 3.7 ሲደርስ ከረንቱ ወደ 12 ሚሊአምፔር ይወርዳል፣ ዓይን ግን ልዩነቱን ብዙም አያየውም። ለቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ስለሚበቃው 120 ኦም አደርጋለሁ (ቡናማ፣ ቀይ፣ ቡናማ)።

ስምንት ነጭ ኤልኢዲ ጎን ለጎን ስይዝ፣ ሥራ ልቆጥብ ብዬ ለሁሉም አንድ 6.8 ኦም ያደረግሁበት ጊዜ ነበር። በስሌት ትክክል ነው፤ በተግባር ግን ከአንድ ከረጢት የወጡ ኤልኢዲዎችም እኩል አይደሉም። ዝቅ ያለ ቮልት የሚበቃው ከረንቱን ለራሱ ይወስዳል፣ እሱ ሲቃጠል ሸክሙ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አሁን ለእያንዳንዱ የየራሱን ሬዚስተር ነው የማስገባው። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ድንጋይ ስምንቱን ከ15 ሰዓት በላይ ያበራል።

ለቻርጅ የምጠቀመው፣ ድንጋዩ ከልክ በላይ ሲወርድ የሚያቋርጥ መከላከያ ያለውን የቲፒ4056 (TP4056) ቦርድ ነው። ስድስት የሽቦ ቀዳዳ ካለው መከላከያ አለው፤ አራት ብቻ ከሆነ የለውም። ድንጋዩ «ቢ» (B) የተጻፈበት ላይ፣ መብራቱ «አውት» (OUT) የተጻፈበት ላይ ይያዛል። መብራቱን «ቢ» ላይ መያዝ መከላከያውን መዝለል ነው፤ በተለይ ቀይ ኤልኢዲ ድንጋዩን አድርቆ እስኪገድለው ድረስ ይበራል፤ ነጩ ሦስት ቮልት ላይ ስለሚደክም ራሱ ያስጠነቅቃል። መጀመሪያ ገጥመህ «አውት» ላይ ምንም ቮልት ካጣህ ቦርዱ ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው፤ ቻርጀር ለአፍታ ስትሰካበት ይነሳል።

ቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚሞላው በ1 አምፔር ነው። ለአሮጌ ድንጋይ ስለሚበዛበት፣ የቻርጁን ከረንት የምትወስነውን «122» የተጻፈባትን ሬዚስተር አንስቼ 2 ኪሎ ኦም አስገባለሁ፤ 580 ሚሊአምፔር ይሆናል።

ሶልደር ማድረግ ግድ ካልሆነ በስተቀር ድንጋዩን በመያዣ ነው የማስገባው። ግድ ከሆነ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጌ፣ ካውያውን በደንብ አግዬ፣ ሁለት ሴኮንድ ብቻ። ፖዘቲቩን የከበበው ጠርዝ ኔጋቲቭ መሆኑ ይዘነጋል፤ መሃላቸው ያለው ስስ ፕላስቲክ ከቀለጠ ሽቦው ሾርት ያደርጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የወረቀት ቀለበት እለጥፍበታለሁ።

ቻርጅ ላይ እያለ ደግሞ መብራቱ ይጥፋ። ቦርዱ መሙላቱን የሚያቆመው ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነው፤ እኔ ባስተካከልኩት 58 ሚሊአምፔር ላይ። ስምንቱ ኤልኢዲዎች ብቻቸውን ከዚያ በላይ ስለሚስቡ ቀይዋ መብራት ወደ ሰማያዊ ሳትቀየር ታድራለች፣ ድንጋዩም ሌሊቱን ሙሉ 4.2 ላይ ተወጥሮ ያድራል። በቀን ደግሞ ድንጋዩ እንዳይግል መብራቱን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሳይሆን ዝቅ ብሎ ጥላ ቦታ ነው የማስቀምጠው።